የመጀመሪያው እምቢታ

በእኛ አገር ሽማግሌ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ለጋብቻ ይምጣ፣ ለድንበር ጠብ ይምጣ፣ ለደም ይምጣ፣ ያው ነው። የመጀመሪያ ቀን ፊት ይነሳል። ሽማግሌዎቹም ፊት እንደሚነሱ አውቀው ነው የሚመጡት፤ ቅር አይላቸውም። በሌላ ቀን ይመለሳሉ፣ ያኔ በሩ ይከፈታል፣ ነገሩም መላ ያገኛል። ከአምቦ እስከ ባኮ ያለ ሰው፣ በኦሮምኛ አፉን የፈታውም በአማርኛ የፈታውም፣ ይህን ያውቃል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከዚህ ወግ ክፉ ነገር ይወጣል ብዬ ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ አስቤ አላውቅም ነበር።

በጊዜው አምቦ ተምሬ፣ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ እጃጂ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ነበር። ዓይነ አፋር ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ድምፄ አልሰማ ስላለው መምህሩ ወንበሩን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጽሑፉ ስለ ግጭት መንስኤዎች ነበር። መሬት፣ ሥልጣን፣ ሥራ አጥነት፣ ያልሻረ ቂም እያልኩ በየርዕሱ ከፋፍዬ ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

የአባቴ አያት ከመንዝ የመጡ ሰው ናቸው ይባላል። እናቴ የባኮ ኦሮሞ ናት። ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ ምርቃቱ በኦሮምኛ ነበር። ሦስት ልጆች ነበርን፤ ታላቄ ታሪኩ፣ እኔ፣ ታናሼ ሙሉጌታ። ሙሌ ነው የምንለው።

ታሪኩ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከባኮ ሲመለስ የተሳፈረበትን ሚኒባስ የታጠቁ ልጆች አስቆሙት። መታወቂያ ጠየቁና የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያ የያዙትን አወረዱ። የቀሩት እንዲሄዱ ተደረገ። ሚኒባሱ ብዙም ሳይርቅ ተኩስ ተሰማ።

ከታጠቁት መካከል አንዱን ተሳፋሪዎቹ ለይተውታል። ጉታ ነው፤ ከእኛ አጥር ቀጥሎ የሚኖሩት የኦቦ ለሜሳ ልጅ። ጉታና ታሪኩ በአንድ ክፍል ተምረው፣ በአንድ ቡድን ኳስ ተጫውተው ያደጉ ናቸው። በተቃውሞ ሰልፉ ዓመታት እጃቸውን አጣምረው ጎን ለጎን ወጥተዋል። ጉታ ተያዘ፣ ታሪኩ አመለጠ። ጉታ ከእስር ሲወጣ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ምን እንዳደረጉት ለማንም አልነገረም። አገሩ ተለወጠ በተባለ ጊዜ ታሪኩ ቢሮ ገባ፣ ጉታ ትንሽ ጠበቀና ጫካ ገባ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም፤ ቢያንስ እስከዚያ ሚኒባስ ድረስ።

ከተማው የወንድሜን ሞት በሁለት መንገድ ተረጎመው። አንዳንዱ በያዘው መታወቂያ ነው የሞተው አለ። አንዳንዱ ከመንዝ በመጡት ቅድመ አያቱ ነው አለ። ሙሌ ሁለተኛውን ሰማ።

ደም ከፈሰሰ በኋላ የገዳይና የሟች ቤተሰብ እስኪታረቅ ድረስ አይገናኝም። ሰላምታ የለም፣ አብሮ መብላት የለም፣ ከአንድ ውሃ መጠጣት የለም። ከኦቦ ለሜሳ ቤት ጋር የምንቀዳው ከአንድ ቦኖ ስለነበር፣ እነሱ ጄሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ካዩን ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ወይ እኛ እንመለሳለን። አብረን ተዝካር የበላን፣ ልጆቻችንን አብረን የዳርን ሰዎች እንዲያ ሆንን። ወጉ ግን መውጫም አለው። የገዳይ ወገን አልካድኩም፣ ደሙ በእኔ ነው ብሎ ሽማግሌ ይልካል። ጉማ ይባላል። በመጨረሻው ቀን በግ ይታረድና የሁለቱ ወገን እጅ በደሙ ተነክሮ በአንድ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ ወዲያ ቂም ይዞ የተገኘ እግዚአብሔርም ሰውም ይፈርድበታል።

ያን ቀን ጠዋት ቦኖ ወርጄ ስመለስ ሙሌን ከቤቱ ጀርባ አገኘሁት። ቦርሳውን አሥሮ በግድግዳው አስደግፎታል።

"ወዴት ነው?"

"ነገ ጠዋት የሚሊሻ ሠልጣኞች መኪና ይነሳል። ተመዝግቤያለሁ።"

"አባባ ያውቃል?"

"አንቺ ትነግሪዋለሽ።" ሳቅ አለ። "ደግሞ አንቺ! እንኳን ለአባባ፣ ለዶሮ እሽ ማለት የምታፍሪ።"

የያዝኩትን ጄሪካን አስቀመጥኩ። "ሙሌ፣ እማዬ አትችለውም። አንዱን ቀብራ..."

"ሽማግሌዎች እየመጡ ነው" አለኝ። "ሰምቻለሁ። ኦቦ ጃለታ ናቸው የሚመሯቸው። እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባባ ዛሬ እሺ ካለ እጄን ከእሱ ጋር እነክራለሁ፣ እቀራለሁ። እምቢ ካለ ግን እሄዳለሁ።"

"ዛሬማ እምቢ ነው የሚለው! የመጀመሪያ ቀን እኮ ነው። የወግ እምቢታ መሆኑን አንተም ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ታሪኩን ያወረዱትስ ወግ አያውቁም ነበር?"

ጄሪካኑን እዚያው ትቼ ወደ ፊት ለፊት ዞርኩ።

አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጦ ነበር። እንደሚመጡ እሱም ሰምቷል። ፊቱን አጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር የሚጠብቃቸው። እምቢ ሊል የሚጠብቅ ሰው እንደዚያ አይለብስም። ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት፤ ሙሌ ዛሬ እሺ ካላልክ ነገ ይሄዳል አልኩት።

የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ።

"ሐሙስ ይመለሳሉ፤ የጃለታ ቀን ሁሌም ሐሙስ ነው" አለኝ። "ሐሙስ ሩቅ አይደለም። ዛሬ እሺ ብል፣ ልጄ፣ ለሜሳ ራሱ ይንቀኛል። ልጁን በአንድ ጠዋት ረሳው ይባላል።"

"ሙሌስ?"

"ልጅ ይፎክራል። እኔ አነጋግረዋለሁ።"

በዚህ መሀል ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ። "አካም ቡልታን፣ የበቀለ ቤት! እንደምን አደራችሁ!"

ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ጨብጠው ቆመዋል። ከፊት ኦቦ ጃለታ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከእሳቸው ጋር ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው የሌለ ሽማግሌ። ከኋላ ራቅ ብለው፣ ቅንጭቡ ሥር፣ ኦቦ ለሜሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እኛ ቤት ሳያንኳኩ የሚገቡ ሰው ነበሩ።

አባባ ተነስቶ ጀርባውን ሰጣቸው።

"ሰው የለም እንዴ?" አሉ ኦቦ ጃለታ። "ውሻው እንኳ ጭራውን እየቆላልን ነው። በቀለ፣ አደራህን፣ ከውሻህ አታንሰን!"

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ደበቁ። አባባ አልዞረም።

"ደም ያለበት ሰው ደጄ አይቆምም።"

"ደም ይዘን አልመጣንም፤ ሣር ነው የያዝነው። ማሎ፣ እባክህ በቀለ።" የኦቦ ጃለታ ድምፅ ዝቅ አለ። "ለሜሳ አልካደም። ልጄ ነው ያደረገው ብሎ በአፉ ተናግሯል። ይህን መናገሩ ለእሱ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ወታደሩ ቢሰማ የጫካ ሰው አባት ይለዋል። ጫካ ያሉት ቢሰሙ ጉድ አወጣህብን ይሉታል። በሁለቱም በኩል ሞት ነው። እንዲያም ሆኖ መጥቷል። በዚህ ዘመን ስንት ደም ነው ባለቤት አጥቶ መንገድ ላይ የቀረው? የአንተ ልጅ ደም ግን ባለቤቱ በእግሩ መጥቶልሃል።"

አባባ የጋቢውን ጫፍ ጨበጠ። እማዬ ከውስጥ፣ በበሩ ስንጥቅ በኩል፣ ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። በል እንጂ፣ በል እንጂ እያልኩ ነበር በልቤ።

"ሂዱ" አለ አባባ። "ልጄን በአንድ ጠዋት የምረሳ ሰው አይደለሁም። ሂዱ ብያለሁ!"

ኦቦ ጃለታ ፊታቸው በራ። የሚፈልገውን መልስ ያገኘ ሰው ፊት ነበር። "ደግ ነው። እንግዲህ ሐሙስ። እስከዚያ በጉም ትንሽ ይወፍራል" ብለው ሣራቸውን እንደያዙ ዞሩ። ኦቦ ለሜሳ ሽማግሌዎቹ አልፈዋቸው እስኪሄዱ ጠብቀው፣ ራቅ ብለው ተከተሏቸው።

ዞር ስል ሙሌ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎታል። ለመሄድ ሳይሆን ለእኔ ለማሳየት ነበር። "ሰማሽ?" አለኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ከግቢ ወጥቼ ሮጥኩ። የሱቅ ሰዎች ቆመው አዩኝ። ልጃገረድ፣ ያውም ሐዘን ላይ ያለች፣ በአስፋልት ላይ ስትሮጥ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ያ ዓይን ብቻውን ይመልሰኝ ነበር። ከተማው አልቆ የእግር መንገዱ ወደ በቆሎው ማሳ የሚታጠፍበት ጋ ደረስኩባቸው።

"አባባ ጃለታ! ማሎ፣ ይቁሙ!"

ጮኼ ነበር። ድምፄን እኔም አላወቅሁትም።

"ይቺ የበቀለ ልጅ አይደለችም?" አሉ ዞረው። "እኔ እኮ ዱዳ ናት ብለውኝ ነበር!"

ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። አባባ ሐሙስ እሺ እንደሚል፣ ሙሌ ግን ነገ ጠዋት እንደሚሄድ፣ ከሄደ እንደማይመለስ። "ተመለሱ፣ ዛሬውኑ ተመለሱ" አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሴት ልጁን ልኮ ታረቁኝ አለ ሊባል ነው? ኢንታኡ፣ አይሆንም!"

ያኔ ከኋላ ኦቦ ለሜሳ ሁለት እርምጃ ቀርበው ቆሙ። እኔን ማናገር አይችሉም፤ መሬቱን እያዩ ነው የተናገሩት። "እኔ እመለሳለሁ። ደጁ ላይ እወድቃለሁ። ያ ልጅም ከሄደ ሁለታችንም ወንድ ልጅ አልቀረልንም።"

"አንተ ዝም በል" አሉ ኦቦ ጃለታ፣ ግን በቁጣ አልነበረም። አገጫቸውን እያሻሹ ወደ በቆሎው ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ስሚ ኢንተላ ኮ፣ ስሚ ልጄ። ዛሬ ብመለስ አባትሽ ይታረቅ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ግን ዘመዱ ሁሉ በሴት ልቅሶ የታረቀ ደም ይለዋል። እንዲህ በጥድፊያ የታረቀ ደም ተመልሶ ሲፈላ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ነው። የወንድምሽን ነገር ግን ለእኔ ተይው። ለምሳ ወደ ቤቴ ላኪው። ኦቦ ጃለታ ይፈልግሃል በይው። ምሳ አብልቼ፣ የድሮ ወሬ እያወራሁ አስመሸዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ። መኪናው ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል። እኔ ቤት በልቶ እምቢ ብሎኝ የወጣ ጎረምሳ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።"

"እውነት?"

"ሂጂ እናትሽን አጽናኚ። ደግሞ ነጠላ ልበሺ፣ ብርድ ነው።"

ሳቅሁ። ታሪኩ ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው። ረጅሙ በቆሎ ውጧቸው የኦቦ ጃለታ ባርኔጣ ብቻ ሲታይ ቆየ። ከዚያ ዞሬ ወደ ከተማው መራመድ ጀመርኩ፣ ለሙሌ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ።

አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ነው የተኮሱት።

አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ ጸጥ። ቦዩ ውስጥ ወድቄ ነበር። ሱቆቹ ሲዘጉ የቆርቆሮው ድምፅ ይሰማኛል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስነሳ እግሬ ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ በቆሎው ተመለሰ።

ኦቦ ለሜሳ መንገዱ ላይ ተቀምጠው የኦቦ ጃለታን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ነጭ ጢም ያላቸው በፊታቸው ወድቀዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ሦስተኛው የሉም፤ ሸሽተው ተርፈዋል። የኦቦ ለሜሳ ግራ ክንድ ደም ያንጠባጥብ ነበር። አዩኝ። ወጉን ረስተው በቀጥታ አናገሩኝ።

"ውሃ። ለጃለታ ውሃ።"

ማሳው ዳር ወዳለው ቤት ሮጬ በሩን ደበደብኩ። አንዲት ሴት ጆግ አቀብላኝ መልሳ ቀረቀረች። ስመለስ ኦቦ ጃለታ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ ውሃው ግን በከንፈራቸው ጥግ ፈሰሰ። አልዋጡትም። ሁለተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ኦቦ ለሜሳ በደህናው እጃቸው ዓይናቸውን ከደኑላቸው።

የእሳቸውም ከንፈር ደርቋል። ጆጉን ወደ እሳቸው ዘረጋሁ።

አላነሱትም። "አይሆንም ልጄ" አሉኝ። "ገና አልታረቅንም።"

ጆጉን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እስኪመጡ ድረስ አልጠጡም።

ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አናውቅም። ወታደር የጫነ መኪና በአስፋልቱ አልፎ ነበር፣ በበቆሎ ውስጥ በሰልፍ የሚሄዱ ሰዎችን አይተው ነው ያሉ አሉ። ጫካ ያሉት ናቸው፣ እርቅ እንዳይሳካ ነው ያሉም አሉ። ሁለቱም ወገን እኔ አይደለሁም አለ። ኦቦ ጃለታ ስንቱን ደም በሕይወታቸው ሲያደርቁ ኖረው፣ የራሳቸው ደም አልካድኩም የሚል አንድ ሰው አጣ። እርጥብ ሣር ይዞ ወደ እሳቸው ቤት የመጣ የለም።

በማግሥቱ ቀብር ነበር። ሙሌ ጎሕ ሲቀድ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። እማዬ እግሩ ላይ ወደቀች፤ አነሳት፣ ጉንጯን ሳማት፣ አለፋት። አባባ ጋቢው እየተጎተተ እስከ አጥሩ በር ተከተለው።

"ሙሌ፣ እሺ ብያለሁ! ሰምተሃል? ታርቄያለሁ፣ እሺ ብያለሁ!"

ሙሌ ቆመ። ሲዞር ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ለማን ነው እሺ የምትለው አባባ?" አለው። "ማን ቆሞ ይለምንሃል?"

አባባ መንገዱን አየ። ማንም አልነበረም። ሙሌ ሄደ።

ኦቦ ለሜሳ ክንዳቸው ከታሰረላቸው በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ከእጃጂ ወጡ። የሦስተኛው ሽማግሌ ደጅ አባባ ደጋግሞ ሄዷል፤ እሺ ማለቴን ንገሩልኝ ሊል። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ወዲህ በማንም ጉዳይ አልገባም ብለዋል። ሌላ የሚደፍርም አልተገኘ። ያለ ሽማግሌ ደግሞ አይታረቅም። ሁለት አባቶች፣ ሁለቱም መታረቅ እየፈለጉ፣ በመካከላቸው የሚሄድ ሰው ጠፍቶ እስከ ዛሬ ደመኛ ናቸው።

እኔ አሁን አምቦ ነው የምኖረው፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰዎች ሶሲዮሎጂ መማሬን ሲሰሙ የዚህ አገር ጠብ መነሻው ምንድን ነው ይሉኛል። ድሮ ብትጠይቁኝ በየርዕሱ እዘረዝርላችሁ ነበር። አሁን ጉታን አስባለሁ። ጉታን ጫካ ያስገባው የተደበደበው ጆሮው ነው፣ ደብዳቢውንም ያዘዘው ሰው ይኖራል፣ ያዘዘውም የሚቆጥረው የራሱ ሙት ይኖረዋል። ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ከፊቴ ሌላ ቁስል እየመጣ መነሻው ይጠፋኛል። ስለዚህ አላውቅም እላለሁ፤ ሰዎቹም ዓይነ አፋርነቴ ይመስላቸዋል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ወጉን ልሰድብ አልጻፍኩም። የመጀመሪያው እምቢታ የተሠራው ሐሙስ እንደሚመጣ እርግጠኛ ለሆኑ ሰዎች ነው። እኛ እነዚያ ሰዎች አይደለንም። ዛሬ ደጃችሁ የቆመ ሰው ካለ፣ ይቅርታ ሊል ስልክ የደወለ እንኳ ቢሆን፣ ዛሬውኑ ተቀበሉት፤ ክብሬ ይቀንሳል ብላችሁ አታሳድሩት። እኔ እንዲያ ሆኛለሁ፤ ጓደኞቼ ወኔ ቢስ ይሉኛል። አባባ ያን ጠዋት እሺ ብሎ ቢሆን ሁሉም ይተርፉ ነበር ወይ ብትሉኝ ግን አላውቅም። በሌላ ጠዋት፣ በሌላ መንገድ ላይ ይገድሏቸው ይሆናል። ይህን እያወቅሁ ነው የምመክራችሁ።

ሙሌ መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ ያወራል፣ እማዬን ያስቃታል። መጨረሻ ላይ የደወለው ለእኔ ነው። ባኮ በኩል መሆኑን ነገረኝ።

"ሰናይት፣ የኦቦ ለሜሳ ቤተሰብ የት ነው የገባው?"

አውቅ ነበር። የእናቴ ዘመዶች ካሉበት መንደር አጠገብ ነው።

"አላውቅም" አልኩት።

"ታውቂያለሽ" አለኝና ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ከባኮ መስመር የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ሞተ እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ገደለ እንዳይሉኝም እፈራለሁ። የትኛውን አብልጬ እንደምፈራ ግን አትጠይቁኝ፤ እማዬ ይህን ታነበው ይሆናል።